በቡፌ ውስጥ የተቆለፈው መርፌ

ሰኔ 3

በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን፦ የሰመመን ክፍል ተረኞች ማረፊያ ትራስ ከትናንት ጀምሮ የደረሰበት አልታወቀም። ሰማያዊ ልብስ የለበሰ፣ መሀሉ የጎደጎደ፣ ብዙ ራሶችን ያለ አድልዎ የተሸከመ ትራስ ነበር። ክፍሉ የሁለት ሰው ክፍል ስለሆነ ተጠርጣሪዎቹም ሁለት ናቸው። አንዱ እኔ ኤልሳዕ ነኝ፤ እኔ አልወሰድኩም። ሌላው አለቃዬ ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ትራስ አይሰርቁም፣ ይወርሳሉ።

የጋሽ ተስፋዬ ሕግ እንዲህ ነው፦ በወገብ መርፌ ደንዝዛ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት እስከ ማግስቱ ድረስ ያለ ትራስ በጀርባዋ ትተኛለች። ቀና ካለች ራሷን ያማታል። ስለዚህ በእናቶች ዋርድ የተገኘ ትራስ ሁሉ እየተለቀመ እሳቸው ወንበር ላይ ይከመራል፤ እሳቸውም እላዩ ላይ ጉብ ይላሉ። እንዲህ መተኛት ራስ ምታቱን እንደማይከላከል መጽሐፉ ይናገራል አልኳቸው። መጽሐፉ ሐረር መጥቶ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ባለቤቴ ሰላማዊት ዘጠነኛ ወሯን ያዘች። ይህን የጻፍኩት ገጹ እንዲሞላ ነው።

ሰኔ 6

ባለቤቴ ዛሬ እራት ላይ ውሳኔዋን አሳወቀችኝ። እንደ መጀመሪያው በኦፕራሲዮን ትወልዳለች፤ የወገብ መርፌ ግን አትወጋም።

«ሙሉ በሙሉ አስተኙኝና እንደፈለጋችሁ ቅደዱኝ። ወገቤን ግን ማንም አይነካውም።»

እኔ በሙያዬ የተከበርኩ ሰው ነኝ። ነፍሰ ጡርን ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ለምን ከባድ እንደሆነ፣ የጉሮሮ እብጠቱን፣ ከሆድ ወደ ሳንባ የሚመለሰውን ነገር፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እንጀራዋን እየጠቀለለች «ጨረስክ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው ብዬ አልጽፍም፤ ግን ምክንያት አላት። የመጀመሪያዋ ልጃችን ሊድያ ስትወለድ ጋሽ ተስፋዬ የወጓት በዚያ ራሳቸው «ሚስማሯ» በሚሏት ወፍራም መርፌ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቁጭ ስትል ራሷ ለሁለት የሚሰነጠቅ መሰላት። ስትተኛ ተዋት። ቁጭ ስትል መጣ። ልጅ ታቅፋ ማጥባት አቃታት። በዚያ ላይ ጠያቂ አለ። የዚህ አገር ሰው አራስ ሲጠይቅ ቀልድ የለም፤ ከአቦከር ይመጣል፣ ከጀጎል ይመጣል፣ ከኤረር በር ማዶ ሳይቀር ሳህን ተሸክሞ ይመጣል። አራሷ ግን መጋረጃ ተጋርዶባት፣ በጀርባዋ ተዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር «አሜን» የምትለው።

«ኮራች» አሏት።

ሐረር ውስጥ ሌባ ተብሎ መኖር ይቻላል። ኮራች ተብሎ ግን መኖር አይቻልም። ሰላማዊት ደግሞ ዘመዶቿ ሁሉ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ እዚህ ያሏት ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው። ያን ሳምንት መጥተው ፊታቸውን አዙረው የሄዱትን እስከ ዛሬ በስም ትጠራቸዋለች። እኔ የት ነበርኩ? ተረኛ ነበርኩ።

ሰኔ 9

ግቢያችን ውስጥ በረንዳ ላይ ትምህርታዊ ገለጻ አደረግኩ። ታዳሚዎች፦ ሰላማዊት፣ እንዲሁም አከራያችን እትዬ ሳፊያ፣ ሙዳይ እየሰፉ። (የጀጎል ልጅ ናቸው፤ ቤታቸውን አከራይተውን ጓሮ ካለው ክፍል ሆነው እኛን ያስተዳድራሉ።)

ጉዳዩን በወስፌያቸው አስረዳሁ። አሁን የምንወጋበት መርፌ ጫፉ ስለታም ነው፤ የአከርካሪውን ሽፋን እንደ ምላጭ ቆርጦ ይገባል። ሲወጣ ቀዳዳው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ከውስጥ ያለው ውኃ ይንጠባጠባል፤ አንጎል የሚንሳፈፈው በዚያ ውኃ ነውና ሰውየው ቁጭ ሲል ወደ ታች ይጎተታል። ራስ ምታቱ ይኸው ነው። ሌላ ዓይነት መርፌ ግን አለ፤ ቀጭን፣ ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾጠጥ ያለ። እሱ አይቆርጥም። እንደ ወስፌ ነው፤ ክሮቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያልፋል፣ ሲወጣም ተመልሰው ይገጥማሉ።

እትዬ ሳፊያ ወስፌያቸውን ወደ ላይ አንስተው አዩት።

«አቦ ኤልሳዕ፣ እኔ ይሄን ሙዳይ ላይ እንጂ ሰው ላይ ሰክቼ አላውቅም። አላህ ይጠብቀኝ።»

ሰላማዊት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ። ሳቋ ለአዲሱ መርፌ የተሰጠ ድጋፍ ተደርጎ ተመዝግቧል።

ሰኔ 13

ከጠዋት ጀምሮ ኦፕራሲዮን በላይ በላዩ። ውኃ የለም። መርፌ፣ ሚስማሯ ብቻ። ምሳ የለም።

ኮሪደር ላይ አንድ ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ። ያቺ መርፌያችሁ ወገቤን ገደለችኝ አለ። መቼ ተወጉ አልኩት። እኔ አልተወጋሁም፣ የተወጋችው ሚስቴ ናት አለ።

በዚህ ከተማ የወገብ ሕመም ሁሉ የእኛ ነው። የእርሻው፣ የጆንያው፣ የዘጠኝ ወር እርግዝናው፣ ሁሉም እኛ ላይ ይጻፋል።

ለሚስቴ አይሆንም የምለውን መርፌ ለሰው ሚስት ስወጋ ዋልኩ። (ይህ ዓረፍተ ነገር ለጊዜው ይቆይ።)

ሰኔ 21

መጡ! የእርሳስ ጫፎቹ መጡ።

የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊዋን እትዬ ዘነበችን ከመጋቢት ጀምሮ ስለምን ኖሬ የማገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «መርፌ መርፌ ነው።» ዛሬ ካርቶኑ ከአዲስ አበባ ሲደርስ ግን ራሳቸው አስጠሩኝ። አንዱን ማሸጊያ ወደ ብርሃን አንስተው አገላብጠው አዩት። እንዴት ያምራል አሉ። እኔ ፈረንጅ ይመስል አንገቴን እየነቀነቅኩ አመሰገንኩ። ከዚያ ካርቶኑን ይዘው ሄዱና ቢሯቸው ካለው ባለ መስታወት ቡፌ ውስጥ፣ ከጀርመኑ የደም ግፊት መለኪያ ጎን፣ በረድፍ ደርድረው ቆለፉበት። ቁልፉን ከማዕተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ምን እያደረጉ ነው አልኳቸው።

«ከላይ ገምጋሚዎች ሲመጡ ምን እናሳያለን?»

«እናቶቹስ?»

«እናቶች እንግዳ ናቸው እንዴ? እነሱማ ሁልጊዜ ይመጣሉ።»

መከራከር ከንቱ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ያውቃል። በዚህ ከተማ ደህና ቤት ገብተህ ግድግዳውን ብታይ ከታች እስከ ላይ ሳህን ነው፤ በዚያ ሳህን ግን የበላ ሰው የለም። የእናቴ የሸክላ ሲኒዎች ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ እስከ ዛሬ ድንግል ናቸው። ጥሩ ነገር ይታያል እንጂ አይነካም። እትዬ ዘነበች የሠሩት ጥፋት የለም። ሆስፒታሉን ቤት አደረጉት።

ሰኔ 28

ከሳምንት ልመና በኋላ ለሙከራ አንድ ፍሬ ተፈቀደ። በክብር ተቀበልኩ፤ በክብር ለጋሽ ተስፋዬ አስረከብኩ። ከዚያ በደመነፍስ አንድ ስህተት ሠራሁ፦ ጓንት ላመጣ ወጣሁ።

በማሸጊያው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ቀጭኑ መርፌ ነው። ሁለተኛው አጭርና ወፈር ያለ መሪ ነው፤ ቆዳውንና ጅማቱን መጀመሪያ እሱ ይበሳል፣ ቀጭኑ በእሱ ውስጥ ያልፋል። ያለ መሪው ቀጭኑ አቅም የለውም። ጋሽ ተስፋዬ አጭሩን ፋብሪካው የመረቀው ትርፍ መስሏቸው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ስመለስ ቀጭኑን በባዶ ቆዳ ላይ እየገፉ ነበር። ተቆለመመ።

«ይሄ መርፌ አይደለም» አሉ ከፍ አድርገው እያሳዩኝ። «የመርፌ ምኞት ነው።»

ሚስማሯን አነሱ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ መጋዘን ደርሷል። እትዬ ዘነበች፣ አላልኩም? ለመታየት ነው የተሠራው አሉ።

ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። እትዬ ሳፊያ የጾመኛ ፊት ማየት ሰልችቶኛል ብለው የሰጡንን ቅቤ በላን። ሰላማዊት እግሯን ሶፋው ላይ ሰቀለችና፣ እሺ አለች። በወገብ እሺ። ግን ቃል ግባልኝ።

መጽሐፉ «ይቀንሳል» ይላል። በወፍራሙ ብዙ የነበረው በቀጭኑ ከመቶ አንድና ሁለት ይሆናል ይላል እንጂ ይጠፋል አይልም። ስለ ወገብ ሕመም ደግሞ የመርፌው ጫፍ ቢሾጥጥም ቢሳልም እምብዛም ለውጥ አያመጣም ይላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለተማሪዎችም አስተምሬዋለሁ።

«በእኔ ይሁንብሽ» አልኩ። «ራስሽንም አያምሽም፤ ወገብሽንም አያምሽም።»

እጄን ይዛ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው። ከመቶ አንዷን ማን ፈልጎ ያገኛታል?

ሐምሌ 12

የቤተሰብን ሰው በራስ እጅ መውጋት ክልክል ነው፤ ሁለተኛው ባለሙያ ደግሞ ጋሽ ተስፋዬ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሥልጠና ሰጠሁ። የተቆለመመውን መርፌ አቃናሁ፣ መሪ የሚሆን ወፈር ያለ የመድኃኒት መቅጃ መርፌ አገኘሁ፣ ብርቱካን ገዛሁ። እሳቸው ወታደር ቤት ሆነው በፋኖስ የወጉትን እየቆጠሩ ይሳደባሉ። እየተሳደቡ ግን ይወጋሉ። መጀመሪያ መሪው፣ ከዚያ ቀጭኑ። ገባ።

ብርቱካኑን ልጠን ስንበላ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «የበፊቱን ያሳመምኳት እኔ ነኝ አይደል?» አሉ።

ልጣጩን ሰብስቤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ስመለስ ትልቁን ግማሽ ሰጡኝ።

ቀጠሮዋ ሐምሌ 25 ነው። እትዬ ዘነበች ለዚያ ቀን አንድ ፍሬ በፊርማ ሊያወጡ ቃል ገብተዋል።

ሐምሌ 18

ምጥ። ዛሬ። በሳምንት ቀድማ።

እትዬ ዘነበች ቁልቢ። ነገ ገብርኤል ነው፣ አገሩ ሁሉ ቁልቢ ነው። ቁልፉም አብሮ ተሳልሟል፤ አንገታቸው ላይ ነዋ። ስልካቸው አይሠራም። ጋሽ ተስፋዬ ለብሰው ቆመዋል፤ ሚስማሯን ላንሳ ወይስ ምኞቱን ታመጣለህ ይሉኛል። ሄጄ መስታወቱን

ሐምሌ 20

የተቋረጠው ዓረፍተ ነገር «ልሰብረው ነው» ይላል። አልሰበርኩትም። ቡፌው ፊት ድንጋይ ይዤ እንደቆምኩ የጥገናው አብዱልፈታ ደረሰ። ድንጋዩን ከእጄ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠ። አቦ ኤልሳዕ፣ የፊቱን ነው እንጂ የኋላውን ማን ቆለፈው አለና ቡፌውን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ጀርባውን በብሎን መፍቻ ፈታው። ከፊት በኩል የባንክ ካዝና ነው፤ ከኋላ ኮምፔንሳቶ።

ሰላማዊት አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን አጉብጣለች። እኔ ትከሻዋን ይዣለሁ። ጋሽ ተስፋዬ መጀመሪያ መሪውን፣ ከዚያ ቀጭኑን አስገቡ። ሲቆዩ፣ ሲቆዩ፣ ጠብታዋ ወጣች፤ እንደ ጸበል የጠራች።

«ጨረስኩ» አሉ። «ተሰምቶሻል?»

«ኧረ ገና መጀመርዎትን እየጠበቅኩ ነበር» አለች።

ወንድ ነው። ባልየው በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍጹም ተረጋግቶ ነበር። ወንበር ያቀረቡለት ከትሕትና ነው።

ሐምሌ 22

ቤት ገባን። ሰላማዊት ግድግዳውን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ንግሥት ቁጭ ብላ ጠያቂ ትቀበላለች። ያኔ «ኮራች» ያለችው ሴትዮ ዛሬ ገንፎ ይዛ መጣች። ሰላማዊት እያንዳንዷን ጠያቂ በስሟ ጠርታ ሳመቻት። እኔ በየሰዓቱ እገባና «ራስሽን አያምሽም አይደል?» እላለሁ። «አያመኝም» ትላለች። «ወገብሽስ ደህና ነው አይደል?» «ደህና ነው።»

ልጁን ተኝታ ማጥባት ወዳለች። ዘመናዊ አሠራር ነው። መጋረጃውንም እንድዘጋው ጠየቀችኝ፤ ፀሐዩ የሕፃኑ ዓይን ላይ እንዳይወጣ። ጥንቁቅ እናት።

ሐምሌ 24

ዛሬ በጠዋቱ ስብሰባ ቆሜ በይፋ ገለጽኩ፦ በአዲሱ መርፌ የተከናወነው ሥራ ፍጹም ተሳክቷል። ራስ ምታት፦ ዜሮ። የወገብ ሕመም፦ ዜሮ። ጋሽ ተስፋዬ ሞቅ ያለውን ጭብጨባ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ።

እትዬ ዘነበች ከቁልቢ ተመልሰው ቡፌያቸውን ካዩ ወዲህ አያናግሩኝም፤ የሚናገሩት ወደ ጣሪያው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ለበጎ ሆነ። ኮምፔንሳቶው ሲፈታ ስለተሰነጠቀ ቡፌው ጀርባ የለውም። ጀርባ የሌለው ቡፌ ለገምጋሚ አይታይም። ስለዚህ መርፌዎቹ ለእናቶች ይሁኑ ተብሎ ተወሰነ። ሳይንስ እንዲህ አሸነፈ።

ሰላማዊት ዛሬ ሳቅ አላለችም። እንቅልፍ ነው፤ አራስ ናት።

ሐምሌ 26

ከሥራ ስመለስ እትዬ ሳፊያ በሩ ላይ አስቆሙኝ። ወስፌያቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ሙዳዩ ግን የለም።

«ሰማህ ወይ ልጄ፤ አንተ ስትወጣ ትተኛለች። የግቢው በር ሲንኳኳ ትነሳለች። ሰውም ሲመጣ እንዲሁ። ሁሉም ሲሄድ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ ብላ... ወላሂ አላስችል አለኝ።»

በጓሮ በኩል ገባሁ። ክፍሉ ጨለማ ነው። በጀርባዋ ተዘርግታ፣ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታዋለች። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች። ፊቷ ተለወጠ። ይህን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዋርድ ውስጥ በየሳምንቱ አየዋለሁ። ቤቴ ግን አላየሁትም።

«ተኚ» አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወለድኩ በሁለተኛው ቀን። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ያኛው ይብስ ነበር። ትንሽ ትንሽ መቀመጥ እችላለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ስንቴ ጠየቅኩሽ!»

ዓይኗን ጨፈነች።

«አልጠየቅከኝም እኮ ኤልሳዕ። ‹አያምሽም አይደል?› ነው ያልከኝ። ለዚያ መርፌ ስትለምን፣ ስትሮጥ ከርመህ... እንዲያ ደስ ብሎህ ስትገባ፣ አሞኛል ብዬ ምን ላድርግህ?»

ማስታገሻ ሰጠኋት፣ ከእትዬ ሳፊያ ቤት ጠንከር ያለ ቡና አስመጣሁላት፣ ትራስ አደረግኩላት። እትዬ ሳፊያ በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ አሟታል፣ መርፌው ነው፣ ነገ ሳይሆን በሳምንቱ ኑ ሲሉ እሰማለሁ። ማንም ኮራች አላለም። አንዷ እንዲያውም፣ ያኔም እንዲህ ብትሉን ኖሮ አለች።

ወገብሽስ አልኳት። በዚህኛው ጊዜ ጠየቅኩ።

«እሱማ ከልጅህ ጋር አብሮ ነው የመጣው» አለች። «ከስድስተኛ ወሬ ጀምሮ አለ። የመርፌው አይደለም።»

ሐምሌ 28

ለጠዋቱ ስብሰባ ከመሄዴ በፊት ሰላማዊት፣ ተናገር አለችኝ፤ ስሜንም ጥራ። እትዬ ዘነበች መርፌዎቹን መልሰው ይቆልፉ ይሆናል ብዬ እየፈራሁ ተነሳሁ። አንብቤ ስጨርስ ጋሽ ተስፋዬ ተነሱ። እስኪያሾፉብኝ እየጠበቅኩ ነበር።

«አንድ?» አሉ። «በእኔ ሚስማር የታመሙትን ማን ቆጥሯቸው ያውቃል?» እትዬ ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጣሪያው ሳይሆን ወደ እኔ አይተው፣ ለዛሬዋ እናት ስንት ፍሬ ላውጣ አሉ።

የተነበበው እንደሚከተለው ነው፦

ማረሚያ። ሐምሌ 24 በዚሁ ስብሰባ «ራስ ምታት፦ ዜሮ» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል፤ ትክክለኛው ቁጥር አንድ ነው። አንዷ ባለቤቴ ሰላማዊት ናት። ከመጀመሪያው ወሊዷ የቀለለ መሆኑን ራሷ መስክራለች። «የወገብ ሕመም፦ ዜሮ» የተባለውም ተሰርዟል፤ ሕመሙ አለ፣ ከመርፌው በፊትም ነበር። ስህተቱ የተፈጠረው ታማሚዋ መልስ ስለደበቀች አይደለም። ጠያቂው መልሱን ይዞ ስለገባ ነው።